ቁስሉ መግል ከያዘ፦ ፋርማሲ ወይስ ሐኪም?

ሐዋሳ ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ቁስሉ ቀልቶ መግል ሲይዝ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ሰፈሩ ካለ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ወይም ሲፕሮ የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች መግዛት ነው። ሌላው ወደ ሐኪሙ መመለስ።

የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ወረፋም የለውም። ግን መግል በተቋጠረበት ቦታ መድኃኒቱ በደንብ አይደርስም። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተላመደ ከሆነ ደግሞ ብሩም ቀኑም ይባክናል፣ ቁስሉም ይብሳል።

ሐኪሙ ጋ ሥራው የሚጀምረው ከቁስሉ ነው። ስፌቱ ይከፈታል፣ መግሉ ይወጣል፣ ይታጠባል። ከቆዳ ብዙም ያልዘለቀ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ በዚሁ ይድናል፤ ክኒን እንኳ ላያስፈልግ ይችላል! ትኩሳት ካለ ወይም መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ግን አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ናሙና ተወስዶ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ) ከተሠራ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም 3 ቀን ይደርሳል፤ መድኃኒቱም በዚያ መሠረት ይስተካከላል። ካልቸር በየጤና ተቋሙ አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

የባጃጁና የካርዱ ወጪ ቢከብድም እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ቁስሉን ተከታተሉ። የጀመራችሁት ክኒን ካለም ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩት።