ቀዩ የአልኮል ጠርሙስ፦ 9 ወር ጀርባዬ ላይ ከከረመ በኋላ

ይሄን ጠርሙስ የገዛሁት ደንግጬ ነው፣ አገላብጬ አወዳድሬ ምናምን አይደለም። መጋቢት መጨረሻ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ሶርምላንድስሌደን የሚባለው የእግር ጉዞ መንገድ ላይ ለሁለት ቀን ወጣን (ስቶክሆልም ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቢዮርክሃገን ሜትሮ ጣቢያ ወርዳችሁ ከዛው ነው የሚጀምረው)። ምድጃዋ ትራንጊያ ናት፣ በአልኮል የምትሰራዋ፣ አልኮሉን ግን በምን ያዝኩት ብትሉኝ በሃይላንድ። አዎ፣ እናቶቻችን ላምባ በሚያስቀምጡበት በዛው በሃይላንድ። ማታ ድንኳን ውስጥ ጓደኛዬ በጨለማ እጇን ሰደደችና ውሃ መስሏት ክዳኑን ፈታ አፏ ጋ አደረሰችው። ደግነቱ ሽታው ቀደመ። አልቀመሰችውም፣ ግን ያን ሌሊት እኔ እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም፣ ምክንያቱም ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ላምባ ውሃ መስሎት ጠጥቶ በሰው ትከሻ ሆስፒታል የተወሰደ ልጅ አይቻለሁ፣ እና ሰላሳ ምናምን አመት ሞልቶኝ አውሮፓ መሀል ያንኑ ስህተት ደገምኩት። ሰኞ ከስራ ስወጣ በቀጥታ ሱቅ ገብቼ ቀዩን ገዛሁ።

ላላያችሁት፣ ወፍራም ቀይ ፕላስቲክ ነው (ፖሊኤትሊን)፣ የኔው ግማሽ ሊትር ይይዛል፣ አናቱ ላይ ቫልቭ አለው። ቫልቩን ትንሽ ፈታ ታደርጉና ጠርሙሱን ዘቅዝቃችሁ በአውራ ጣት ስትጫኑት ይፈሳል፣ ስትለቁት በራሱ ይዘጋል። አለቀ። ይሄን አይነት ጠርሙስ የሚሰራ ብዙ ስለሆነ ስለ ብራንድ አላወራም፣ ስለ አይነቱ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ አለመፍሰሱ ይመስላችኋል አይደል? ለኔ አይደለም። ሃይላንዱም እኮ ክዳኑ በደንብ ከተጠበቀ አይፈስም፣ ፕላስቲኩንም ኤታኖል (ማለትም አልኮሉ) አይበላውም፣ አሜሪካ ያሉ ቀላል ሻንጣ ወዳዶች ሁሉ በሱ ነው የሚይዙት፣ ክብደቱም ምንም ነው፣ 20 ግራም ቢሞላ ነው፣ የኔው ቀይ ግን ባዶውን 100 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ልዩነቱ ይሄ ጠርሙስ ሌላ ምንም ነገር አይመስልም። በጨለማ በእጅ ዳስሰው እንኳ ያውቁታል። ቫልቩ አፍ ላይ ቢያስጠጉትም ካልተጫነ ጠብ አይልም። ድንኳን ውስጥ ደክሞት ግማሽ እንቅልፍ ላይ ላለ ሰው ከዚህ በላይ ጥበቃ የለም።

ሁለተኛው ደግሞ አቀዳዱ ነው። በሃይላንድ ስትቀዱ ዱብ ይልና ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ እጃችሁ ላይ ነው፣ ከዛ በዛው እጅ ክብሪት። በዚህኛው ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። የትራንጊያዋ ማንደጃ ሁለት ሶስተኛ ድረስ ስትሞላ 20፣ 25 ደቂቃ ትነዳለች፣ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ ንፋስ ከሌለ በ10 ደቂቃ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚ ለቡና ብቻ ከሆነ ትንሽ ነው የምቀዳው፣ ልክ ለማወቅ ይሄ ቫልቭ በጣም ይመቻል።

እዚጋ ግን ቆም ብላችሁ ስሙኝ፣ ቫልቭ አለው ብላችሁ የሚነድ ምድጃ ላይ እንዳትጨምሩ። የአልኮል እሳት በቀን ብርሃን አይታይም፣ ሰማያዊ ነች፣ ፀሐይ ካለ የለችም ማለት ይቻላል። አለቀ ብላችሁ ስትጨምሩ ገና እየነደደች ከሆነ እሳቱ የሚፈሰውን ይዞ ወደ ጠርሙሱ ይመጣል፣ ውስጡ ያለው ትነት ሲቀጣጠል ደግሞ አፉ እንደ ነበልባል መርጫ ይሆናል፣ ብዙ ሰው የተቃጠለው በዚህ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው የቀዳው ሳይሆን ፊት ለፊት የተቀመጠው ነው። እኔ ማጥፊያዋን እደፋባትና ሌላ ስራ እሰራለሁ፣ ከዛ መዳፌን ከላይ አንዣብቤ ሙቀት ከሌለ ጎኗን ነካ አድርጌ ቀዝቅዛ ከሆነ ብቻ እጨምራለሁ። ቡናው ይዘግያል፣ ይዘግይ። አንድ ደግ ነገሩ አልኮል ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ እንደ ቤንዚን አይደለም፣ በውሃ ይጠፋል፣ ስለዚ አጠገቤ ሁሌ አንድ ኩባያ ውሃ አለ። ድንኳን ውስጥ መለኮስ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፣ በእሳቱም በጭሱም።

ዋናው ፈተና ነሐሴ ላይ ነበር፣ ሰሜን ስዊድን ያለው ኩንግስሌደን የሚባለው የእግር ጉዞ መንገድ፣ ከአቢስኮ እስከ ኒካሉክታ፣ 105 ኪሎሜትር አካባቢ፣ በ7 ቀን። ወደ ኪሩና በአውሮፕላን ነው የሄድነው፣ አልኮል ደግሞ በእጅም በሻንጣም ክልክል ነው፣ ባዶው ጠርሙስ ራሱ ሽታ ካለው ችግር ነው፣ ስለዚ ሶስቴ በውሃ አለቅልቄ ክዳኑን ከፍቼ በረንዳ ላይ ሶስት ቀን አስተነፈስኩት፣ ማንደጃዋንም እንደዛው። ኪሩና ደርሰን ከሱፐርማርኬት ቴሮድ (ስዊድን ውስጥ የሚሸጠው የምድጃ አልኮል) ገዛን። ለሁለት ሰው ጠዋት ገንፎ፣ ማታ ፓስታ፣ መሀል ላይ ቡና (አዎ ጀበና ይዘን ነበር፣ የሸክላ አይደለም፣ አላበድንም) በቀን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ጨረሰብን፣ ግማሽ ሊትሩ አራት ቀን ሳይሞላ ስላለቀ መንገዱ ላይ ሱቅ ያለው የተጓዦች ማረፊያ ጎጆ ላይ ገዝተን ሞላን። ቸክቻ የሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ 1,150 ሜትር አካባቢ ወጣን፣ እዛ ጠርሙሱ ምንም አልሆነም፣ ግን ሀገር ቤት ሰሜን ተራሮች ወይ ባሌ ሳነቴ ላይ 4,000 ሜትር የምትወጡ ሰዎች እስከ አፉ አትሙሉት፣ እዛ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ጋር ሲነፃፀር ስልሳ ፐርሰንት ምናምን ነው፣ ጠርሙሱ ይነፋል፣ ስትጫኑት ፊታችሁ ላይ ፊጭ ይላል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ሶስተኛው ቀን ጠዋት ቀድቼ ቫልቩን መልሼ ሳላጠብቅ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ልብ በሉ፣ ስትለቁት ይዘጋል፣ ግን አልተቆለፈም ማለት ነው፣ እና ድስቱ ከላይ ሲጫነው ሲንጠባጠብ ዋለ። ማታ ስከፍተው አንድ ሲኒ የሚሆን ሄዷል፣ የሄደው ደግሞ የት ነው፣ በሶው ላይ! እናቴ በሰው የላከችው በሶ። ጓደኛዬ ትንሽ ቀምሳ «ይሄማ መጠጥ ሆኗል» ብላ ሳቀች፣ እኔ ግን እንባዬ ነው የመጣው፣ ሙሉውን ጣልነው፣ ቴሮድ ላይ እንዳይጠጣ የሚጨመርበት ነገር አለና እንዳትቀልዱበት። ከዛ ቀን ጀምሮ ጠርሙሱ በዚፕ ፌስታል ተጠቅልሎ የሻንጣው የጎን ኪስ ውስጥ ቆሞ ነው የሚሄደው፣ ምግብ በሌላኛው በኩል። ቫልቩንም ከቀዳሁ በኋላ ዘቅዝቄ ጫን አደርገዋለሁ፣ ካልተጫነ ተቆልፏል።

ስለ አልኮሉ አይነት ሰው ስለሚጠይቀኝ፦ ስዊድን ያለው ቴሮድ በብዛት ኤታኖል ነው። ጥቀርሻ ከበዛባችሁ ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ውሃ ጨምሩበት፣ ድስቱ ንፁህ ይሆናል፣ እኔ ቤት ነው ቀላቅዬ የምወጣው። አሜሪካ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ለመኪና የሚሸጠው በቢጫ ጠርሙስ ያለው ሂት ሜታኖል ነው፣ ይነዳል፣ ግን መርዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል፣ በቆዳም ይገባል። ደግሞ ምዕራቡ ክፍል ላይ የእሳት እገዳ ሲወጣ መዝጊያ ቫልቭ የሌለው ምድጃ ብዙ ቦታ አይፈቀድም፣ የአልኮል ምድጃ ደግሞ እዛ ውስጥ ነው የሚወድቀው። ሀገር ቤት የፋርማሲ 70 ፐርሰንቱ ይነዳል ግን ውሃው ታች እየቀረ ያስቸግራል፣ ሳኒታይዘሩ ደግሞ ግሊሰሪን ስላለው ይባስ። እና አረቄስ ለምትሉኝ፣ ዳግም አረቄም ቢሆን ግማሹና ከዛ በላይ ውሃ ነው፣ ጠጡት።

ህዳር ላይ ከዜሮ በታች ሲሆን ደግሞ አልኮሉ አልነድ አለኝ፣ ትነት የለውማ። ጠርሙሱን ጃኬት ውስጥ አስር ደቂቃ ይዤ ሲሞቅ እሺ አለ። በጣም ሲበርድ ግን እጃችሁ ላይ እንዳታፈሱት፣ አልኮል ስለማይረጋ እንደ ውጪው አየር ቀዝቅዞ ይቆያል፣ ቆዳ ይጎዳል።

የማልወድለት ነገር አለ። አያሳይም! ቀዩ ድፍን ስለሆነ ስንት እንደቀረ የምታውቁት በመነቅነቅ ነው። እኔ ቤት በኩሽና ሚዛን ነው የምለካው፣ 1 ሚሊ ሊትር 0.8 ግራም ገደማ ነው፣ የባዶውን ክብደት በማርከር ታቹ ላይ ፅፌበታለሁ። ተራራ ላይ ግን ሚዛን የለም፣ ስለዚ ጆሮ። ዋጋውም ለፕላስቲክ በዛ። የቫልቩ ላስቲክ በሰባተኛው ወር ትንሽ ደርቆ ነበር፣ መለዋወጫ ላስቲክ ገዝቼ ቀየርኩት፣ አምስት ደቂቃ ነው። አንዳንድ ሰው ለቤንዚን የተሰራውን የአሉሚኒየም ጠርሙስ ይሻላል ይለኛል፣ ኧረ አይሆንም፣ አልኮል አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ አንዳንዶቹን የሚሰሩት ድርጅቶች ራሳቸው አልኮል አታስቀምጡበት ይላሉ።

ቤት ውስጥ ደግሞ የት ታስቀምጫለሽ ላላችሁኝ፣ የአፓርትመንቱ ምድር ቤት መጋዘን ውስጥ አይደለም፣ ስዊድን ውስጥ ተቀጣጣይ ነገር እዛም ጣሪያ ስር ባለው መጋዘንም ማስቀመጥ ክልክል ነው። እኔ ትልቁን ቴሮድ በራሱ ጠርሙስ ከነ ፅሁፉ፣ ልጅ በማይደርስበት ቁምሳጥን ላይ፣ ከምድጃ የራቀ። ቀዩን ከጉዞ ስመለስ የተረፈውን ወደዛው ገልብጬ ክፍት አድርጌ አደርቀዋለሁ።

ለአንድ ቀን ጉዞ ግማሽ ሊትሩ ስለሚበዛ ትንሿን የ0.3 ሊትሯን ጨምሬ ልገዛ ነው። ጓደኛዬ ግን እስካሁን ከኔ እጅ የተቀበለችውን ውሃ ሳታሸት አትጠጣም።