ጂንጃ ላይ ራፍቲንግ፣ ኳድ ባይክ እና የማታ ጀልባ በአንድ ቀን፦ ገንዘቡን የሚያወጣው የቱ ነው?

ከጓደኞቻችሁ ጋር ኡጋንዳ ልትሄዱ ከሆነና ጂንጃ ላይ የሙሉ ቀን አድቬንቸር የሚል ፓኬጅ ካያችሁ ነገሩን ላሳጥርላችሁ፣ ራፍቲንጉን ግዙ ሌላውን ተዉት። እኛ ሦስቱንም ነው የገዛነው፣ ጠዋት ራፍቲንግ፣ ከሰዓት ኳድ ባይክ (ባለአራት ጎማ ሞተር)፣ ማታ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ በጀልባ መንሸራሸር፣ በሰው ከሁለት መቶ ዶላር በላይ ነው የወጣብን፣ እና እስካሁን ግሩፓችን ላይ የሚወራው ስለመጀመሪያው ብቻ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ እዚያ ይሄን የሚሰሩት ብዙ ናቸው ፕሮግራማቸውም ይመሳሰላል፣ ከማንም ጋር ብትሄዱ የምለው ነገር አብዛኛው ይጠቅማችኋል።

ከካምፓላ ጂንጃ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቅርብ ይመስላል ግን መንገዱ ወደ ኬንያ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች የሚያልፉበት ስለሆነ ኪሎ ሜትሩን አይታችሁ ሰዓት እንዳትቆርጡ። ሚኒባሱ ከሆቴል ሲወስደን ገና በደንብ አልነጋም፣ ግማሾቻችን ተኝተን ነበር የሄድነው፣ ናማዎጆሎ የሚባለው ቦታ ላይ መኪናው ፍጥነቱን ቀነስ ሲያደርግ ግን እንቅልፍ የለም። ሻጮቹ በሁሉም መስኮት በኩል በእንጨት የተሰካ የዶሮ ጥብስና የተጠበሰ ጎንጃ (ጣፋጩ ፕላንቴን) እያስገቡ ፊታችሁ ላይ ይይዙላችኋል፣ አንዱ ዶሮ ጓደኛዬ ጉንጭ ላይ አርፎ ነው የነቃችው ወላሂ። ጎንጃውን ግዙ፣ ዶሮውን ለመልስ አቆዩት፣ ሆድ ሞልቶ ራፍት ላይ መውጣት ጥሩ አይደለም። ከዚያ በኋላ የማቢራ ጫካ ይመጣል፣ ቀጥሎ በ2018 የተመረቀው ትልቁ የኬብል ድልድይ፣ እሱን ስትሻገሩ ጂንጃ ገባችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ራፍቲንግ ማለት በአየር በተነፋ ወፍራም የጎማ ጀልባ ላይ ሆናችሁ መቅዘፊያ ይዛችሁ ወንዙ ድንጋይ ላይ እየተሰባበረ የሚናወጥበትን ቦታ እየመረጣችሁ መግባት ነው፣ እነዚህ ቦታዎች ራፒድ ይባላሉ ከ1 እስከ 6 ደረጃም አላቸው። 1 ውሃው ትንሽ ሸብሸብ የሚልበት ነው፣ 5 ያለ በሳል ጋይድ የማይታሰብ፣ 6 ደግሞ ለቱሪስት የማይሸጥ። ጂንጃ ታዋቂ የሆነው እዚያው አጠገቡ የሚጀምረው ነጭ አባይ 5ቱን ከሞቀ ውሃ ጋር ስለሚሰጣችሁ ነው፣ ውሃው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ስለሚመጣ ወድቃችሁም ብርድ የሚባል ነገር የለም።

ጋይዳችን ከየት ናችሁ አለን፣ ከኢትዮጵያ ስንለው አሃ ባለወንዞቹ መጡ ብሎ ሳቀ። ከመካከላችን ነገር ማብራራት የሚወድ ልጅ አለ እና የእኛው ጥቁሩ ነው ይሄኛው ነጩ ነው፣ ሁለቱ የሚገናኙት ካርቱም ላይ ነው፣ ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ አብዛኛው ደግሞ የእኛ ነው እያለ ሲያስረዳ ራፍቱ ተንሸራተተና የቀረውን ከውሃ ጋር ዋጠው።

ጋይዱ ከመነሳታችሁ በፊት የሚሰጠውን ገለጻ በደንብ አዳምጡ። ብዙ ሰው እዚያ ሰዓት ላይ ሴልፊ ነው የሚነሳው፣ ግን ጥርሳችሁን የሚያድነው እሱ ነው። የመቅዘፊያው ጫፍ ላይ ያለችውን የቲ ቅርፅ እጀታ ሁሌ በእጃችሁ መሸፈን አለባችሁ፣ ከለቀቃችኋት ሁላችሁም ስትናወጡ የጎረቤታችሁ ፊት ላይ ነው የምታርፈው። ከወደቃችሁ ደግሞ በጀርባችሁ ተኝታችሁ እግራችሁን ወደ ወንዙ መሄጃ፣ የእግር ጣታችሁን ወደ ላይ፣ መቆም በፍጹም የለም፣ እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ከላይ ይጫናችኋል። ይሄን ሁሉ ሲነግረን እየሳቀ ነበር ግን እያንዳንዳችንን መልሶ ጠይቋል፣ ያልመለሰውንም አላለፈውም፣ ይሄ በጣም ተመችቶኛል።

አንዷ ጓደኛችን ዋና ጭራሽ አትችልም። ዋና የማይችል ሰው መግባት ይችላል ይላሉ፣ ላይፍ ጃኬቱ ይይዘዋል ይላሉ፣ እሺ እውነት ነው፣ ግን ለፈራ ሰው ወሬ ምን ያደርግለታል? ጋይዱ ያደረገው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ከመነሳታችን በፊት ጸጥ ያለው ውሃ ላይ ወሰዳት፣ የጃኬቷን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ ጠበቅ እያደረገ ትከሻው ላይ ያለውን ጨርቅ ይዞ ወደ ላይ ጎተተ፣ ጃኬቱ ወደ ጆሮዋ ሲወጣ ፈቶ እንደገና አሰረው፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ አብሯት ገብቶ ጀርባዋን በአንድ እጁ ያዘ፣ ትንሽ ቆይቶ በሁለት ጣት፣ በኋላ እጁን አውጥቶ አሳያት። እሷ አላወቀችም ነበር፣ ተንሳፋ ሰማይ እያየች ስለሆዷ ታወራለች። ከዚያ በኋላ ከሁላችንም በላይ ስትጮህ የዋለችው እሷ ነች፣ የደስታ ጩኸት ማለቴ ነው። ፎርም አስፈርሞ ዝም ብሎ የሚያስገባ ጋይድ ካጋጠማችሁ ግን ቀይሩልን በሉ፣ አትፈሩ።

መጀመሪያው ትልቅ ራፒድ ላይ ሳንገለበጥ አለፍንና ጀግኖች ነን ብለን ነበር፣ ቀጥሎ ያለው ላይ ራፍቱ በአንድ ጎኑ ቆመና ሁላችንንም ደፋን። ስር ስትገቡ ድምፅ ሁሉ ጥፍት ይላል፣ ዓይናችሁን ብትገልጡም አረንጓዴ ጨለማ ነው፣ ጃኬቱ ወደ ላይ ይጎትታችኋል ሄልሜቱ ደግሞ ከተገለበጠው ራፍት ጋር ይጋጫል። ተገልብጦም ስሩ አየር አለ፣ ተረጋግታችሁ እጃችሁን መብራት እንደጠፋበት ቤት ግድግዳ እየዳበሳችሁ ወደ አንድ ዳር መሄድ ነው፣ አንድ ዳር ምረጡ አትመላለሱ። ብቅ ስትሉ ከጎናችሁ ካያክ (ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ) የያዘ ሰው ይጠብቃችኋል፣ የካያኩን አፍንጫ ላይ ያለችውን ገመድ ትይዛላችሁ እሱ ይጎትታችኋል። ከራፍቶቹ ጋር የሚሄዱ እነዚህ ካያከሮች ናቸው የዚህ ቀን ትክክለኛ ዋጋ፣ ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት ስንት ሴፍቲ ካያክ አብሮን ይሄዳል ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ እኛ ጋ እስካሁን ምንም ተፈጥሮ አያውቅም አይነት ከሆነ ሌላ ጋ ሂዱ።

በራፒዶቹ መሃል ረጅም ረጅም ጸጥ ያለ ውሃ አለ። አንዳንዱ ሪቪው ላይ ይሄ ያሰለቻል ተብሎ አንብቤ ነበር፣ እኔ በጣም ነው የወደድኩት፣ እግራችንን ውሃ ውስጥ ከተን አናናስ እየበላን፣ ዓሣ አጥማጆች በእንጨት ጀልባ ምንም እንዳልተፈጠረ ከጎናችን እያለፉ። ግን አንድ ነገር እወቁ፣ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ ያንን እንዳትጠብቁ። በ2012 የቡጃጋሊ ግድብ፣ በ2019 ደግሞ የኢሲምባ ግድብ ስራ ሲጀምሩ ከኋላቸው የተኛው ውሃ ብዙ ታዋቂ ራፒዶችን ውጧቸዋል፣ አሁን የሚሰራው በሁለቱ መሃል የቀረው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ይሄም ከበቂ በላይ ነው። ኢታንዳ የሚባለው ራፒድ ጋ ስትደርሱ አስፈሪውን ክፍል በእግራችሁ ነው የምታልፉት፣ ከድንጋዩ ላይ ቆማችሁ ውሃው ምን እንደሚመስል ስታዩ ማንም ካልገባን አይልም።

ኳድ ባይኩ። ምሳ ዘግይቶ መጣ፣ ራፍቲንጉም ዘግይቶ ነበር ያለቀው፣ ስለዚህ አንድ ሰዓት የተባለው ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ፣ ልዩነቱን መልሱልን ስንል ፓኬጅ ነው አሉ። ሄልሜቱ ከኛ በፊት በለበሰው ሰው ላብ እርጥብ ነበር፣ የአንዳችን ሞተር ደግሞ በየአቀበቱ ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ያልተመቸኝ ግን መንገዱ በሰፈር መሃል መሆኑ ነው፣ ሰው በር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቶ፣ እኛ ደግሞ ቀዩን አፈር እያቦነንንበት እናልፋለን፣ ልጆቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ ትልልቆቹ ግን አያውለበልቡም። ጥቂት ደቂቃ ከሄድኩ በኋላ ቶሎ በለቀቀኝ ነው ያልኩት።

ጀልባው ምንም አይልም። የአባይ መነሻ የሚባለውን ቦታ ያሳዩዋችኋል፣ እንግሊዛዊው አሳሽ ስፒክ በ1862 ደርሶ ያየው የሪፖን ፏፏቴ ግን በ1954 በተሰራው ግድብ ምክንያት ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ የሚታየው ረጋ ያለ ውሃ ነው። የጋንዲ ሐውልት አለ፣ አስከሬናቸው ከተቃጠለ በኋላ ከአመዱ በከፊል እዚህ ወንዝ ላይ በ1948 ተበትኖ ነበር። ይሄን ማየት ለሚፈልግ ሰው ደህና ነው፣ ለብቻው በሌላ ቀን፣ ክንዱ ሳይዝል። እኛ ሙዚቃው እየጮኸ ተደርድረን ተኝተን ነው የጨረስነው።

ስለዚህ ራፍቲንጉን ብቻ ያዙና ጂንጃ እደሩ፣ በዚያ ድካም ማታ ወደ ካምፓላ መመለስ ቅጣት ነው፣ ከዚያ ይልቅ መንገድ ዳር ሮሌክስ (ቻፓቲ ውስጥ የተጠቀለለ እንቁላል) በልቶ መተኛት ይሻላል። የቢጫ ወባ ካርድ ኡጋንዳ ለመግባት ግዴታ ነው፣ አትርሱት። ሰንስክሪን ፊት ላይ ብቻ ሳይሆን ጭናችሁና ጉልበታችሁ ላይ ቀቡ፣ ራፍት ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፈው እዚያ ነው፣ ቦታው ደግሞ ምድር ወገብ ጥግ ነው፣ እኔ ጠቆርኩ ብዬ ስስቅ ማታ ሱሪ ማድረግ አቃተኝ። መነጽር ያላችሁ በገመድ እሰሩት። የቆየ የዶላር ኖት ብዙ ቦታ ስለማይቀበሉ አዲሱን ያዙ። ቢልሃርዚያ (ከውሃ ወደ ሰውነት በሚገባ ትል የሚመጣ በሽታ) እዚያ ውሃ ውስጥ አለ፣ መድኃኒቱ የሚሰራው ትሉ ካደገ በኋላ ስለሆነ በማግስቱ ሳይሆን ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላ ነው ሐኪም ማየት ያለባችሁ። ፎቶና ቪዲዮው ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ ዋጋውን የሚነግሯችሁ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቢሉም እሺ አትበሉ፣ የአንድ ራፍት ሰዎች ሰብሰብ ብላችሁ አንድ ኮፒ ውሰዱና ተላላኩት።