ገንዘቡ የሚደርሰው መቼ ነው? ለፖሊመር ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጡ የጉዞ ድጋፎች ግምገማ

በፖሊመር ሳይንስ፣ ማለትም እንደ ፕላስቲክና ጎማ ባሉ ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች በተሠሩ ቁሶች ጥናት፣ የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ጥናቱን የሚሠራ ተማሪ ውጤቱን በጉባኤ ላይ እንዲያቀርብ የሚሰጡ የጉዞ ድጋፎች ጥቂት አይደሉም፤ በማስታወቂያዎቻቸው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ግን የገንዘቡ መጠን ብቻ ነው። እኔ በዚሁ ሙያ አሜሪካ ውስጥ የተማርኩ፣ ከእነዚህ ድጋፎች የተወሰኑትን ተቀብዬ የተጓዝኩና ዛሬ ታናናሾቼ ማመልከቻ ሲጽፉ የማግዝ ሰው ነኝ። ድጋፎቹን የምመዝናቸውም ገንዘቡ ከጉዞው በፊት ወይስ በኋላ እንደሚሰጥ፣ በተማሪው እጅ እንደሚገባ ወይስ ከምዝገባ ክፍያው ላይ እንደሚቀነስ በመመልከት ነው። አምስት መቶ ዶላር በወቅቱ ከደረሰ ተማሪውን ከጉባኤው አዳራሽ ያደርሰዋል፤ አንድ ሺሕ ዶላር ከጉዞው ሦስት ወር ቆይቶ ቢመጣ ግን የሚጠቅመው መጀመሪያውኑ አንድ ሺሕ ዶላር አውጥቶ መቆየት ለሚችል ሰው ነው።

ከአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ልጀምር። በ1876 የተመሠረተው ይህ ማኅበር በየዓመቱ ሁለት ትልልቅ ጉባኤዎችን ያካሂዳል፤ አንዱ በመጋቢት ገደማ፣ ሌላው በነሐሴ የሚውል ነው። ፖሊመርን የሚመለከቱ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው በሙያው ሰዎች ዘንድ «ፖሊ» የሚባለው የፖሊመር ኬሚስትሪ ክፍል ሲሆን ሁለተኛው «ፒኤምኤስኢ» የሚባለው የፖሊመር ቁሳቁስ ሳይንስና ምሕንድስና ክፍል ነው። ከሁለቱም አካባቢ ለተማሪ የሚሆን ብዙ ነገር ይገኛል፤ በተለይ የፖሊ ክፍል የተመረጡ የዶክትሬት ተማሪዎች ብቻ ንግግር የሚያቀርቡበት መድረክ ያዘጋጃል፤ እዚያ ላይ መቅረብ ከገንዘቡ በላይ ለሥራ ፍለጋ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አቅራቢዎች ጥናታቸውን በትልቅ ወረቀት ላይ ለጥፈው በሚያስረዱበት በሰኞ ምሽቱ የሁሉም ክፍሎች የፖስተር ዝግጅት ላይ ደግሞ ከመድኃኒት ኬሚስትሪ እስከ ግብርና ያለው ሰው ሁሉ እየዞረ ስለሚያይ፣ ሥራን ከራስ ሙያ ውጭ ላለ ሰው ማስረዳት የሚለመደው እዚያ ነው።

ድክመቱ በአከፋፈሉ ላይ ነው። የማኅበራት የጉዞ ድጋፍ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ተማሪው ከተጓዘና ደረሰኙን ካስገባ በኋላ ነው። ይህ አሠራር ለገንዘብ ሰጪው ጥንቃቄ ነው፤ ያልተጓዘ ሰው ገንዘብ እንዳይወስድ ይከላከላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2025 የፀደዩ ጉባኤ ወደተካሄደበት ወደ ሳን ዲዬጎ ከኦሃዮ የሚበር ተማሪ ምን እንደሚገጥመው እናስብ። የምዝገባ ክፍያው አስቀድሞ ይከፈላል፤ የአውሮፕላን ቲኬቱም እንዲሁ። ሆቴሉ ሲደርስ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ክሬዲት ካርድ ይጠይቀዋል፤ ከክፍሉ ዋጋ በተጨማሪም ለመያዣ የሚሆን ገንዘብ በካርዱ ላይ ይታገዳል፤ ይህ መያዣ ከሆቴሉ ከወጣ በኋላም ቀናት ሊቆይ ይችላል። ተማሪው የካርዱ ጣሪያ ዝቅተኛ ከሆነ፣ አዲስ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ደግሞ የብድር ታሪክ ስለሌለው ካርዱ በአብዛኛው ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ነው፣ ድጋፉን አሸንፎ እንኳ በሆቴሉ መስኮት ላይ ሊቸገር ይችላል። ከጉዞው በኋላ የመሳፈሪያ ወረቀቱ፣ ቀሪ ሒሳቡ ዜሮ መሆኑን የሚያሳየው የሆቴል ደረሰኝ፣ የምዝገባ ማረጋገጫውና የክፍያ ማስረጃው ሁሉ አንድ ላይ ተያይዘው ይላካሉ። የሆቴሉ ደረሰኝ አብሮ ባደረ ጓደኛ ስም ከወጣ ወረቀቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ ክፍል የሚጋሩ ተማሪዎች ከመውጣታቸው በፊት ሒሳቡ በሁለት ተከፍሎ በየስማቸው ደረሰኝ እንዲቆረጥ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ከአንድ ድጋፍ ሰጪ የተፈቀደልኝ ገንዘብ የትምህርት ወቅቱ ካለቀ በኋላ ነው የደረሰኝ፤ በዚያ መካከል የካርዱን ወለድ የከፈልኩት ራሴ ነበርኩ፤ ወለዱን የሚመልስ ድጋፍ ደግሞ አላጋጠመኝም።

የግብሩም ጉዳይ አለ፤ የውጭ ዜጋ የሆነ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቼኩ ጎድሎ ሲመጣ ነው። ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ያለና ለግብር ሲባል ነዋሪ የማይባል ተማሪ የተሰጠው ገንዘብ ግብር የሚከፈልበት የትምህርት ድጋፍ ተደርጎ ከተቆጠረ 14 በመቶ፣ እንደ ሽልማት ከተቆጠረ ደግሞ 30 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። ኢትዮጵያና አሜሪካ በገቢ ግብር ረገድ ይህን የሚያቀልል ስምምነት የላቸውም። በደረሰኝ የሚመለስ ወጪ ግን በአብዛኛው እንደ ገቢ አይታይም። እዚህ ላይ አዝጋሚው አሠራር ጥቅም አለው ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ስናመዛዝን ግብሩንም ከሒሳቡ ማስገባት ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ሥር ያለው የፖሊመር ፊዚክስ ክፍል በ1944 የተቋቋመ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ የሚያቀርቡት ማኅበሩ በመጋቢት በሚያካሂደው ታላቅ ጉባኤ ላይ ነው። ለተራ ንግግር የሚሰጠው ጊዜ አሥር ደቂቃ ሲሆን ለጥያቄ ሁለት ደቂቃ ይጨመርበታል። የክፍሉ የፓደን ሽልማት በፖሊመር ፊዚክስ ለሚሠሩ የዶክትሬት ተማሪዎች ከሚሰጡት ሁሉ ከፍ ያለ ክብር ካላቸው አንዱ ነው፤ ለመጨረሻው ዙር የደረሱት ሥራቸውን በዚያው ጉባኤ ላይ ያቀርባሉ። ይህ የብቃት ውድድር ስለሆነ የጉዞ ወጪውን በዚህ እሸፍናለሁ ብሎ ማቀድ አይገባም።

በእኔ ሚዛን ከሁሉም የሚበልጠው የጎርደን የምርምር ጉባኤዎች አሠራር ነው። የፖሊመር ጉባኤው በማሳቹሴትስ ግዛት ሳውዝ ሃድሊ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ሲካሄድ ኖሯል። ተሳታፊው እሑድ ማታ ይገባል፣ ዓርብ ጠዋት ይወጣል፤ የሚያድረው በተማሪዎች ማደሪያ ሲሆን የምዝገባ ክፍያው መኝታንና ምግብን ያጠቃልላል። የጉባኤው ሊቀ መንበር ለተማሪዎች ያገኘው ገንዘብ ሲኖር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ከዚህ ክፍያ ላይ በመቀነስ ነው። ተማሪው ቼክ አይጠብቅም፤ የሆቴል መያዣ የለም፤ ለምሳና ለእራት ደረሰኝ መሰብሰብ አይኖርም፤ ገንዘብ በእጁ ስላልገባ ሒሳቡም ይቀልለታል። የሚቀረው የአውሮፕላን ወይም የአውቶቡስ ወጪ ነው፤ ይህን ደግሞ አማካሪው ከምርምር በጀቱ ሊሸፍነው የሚችለው ዓይነት ወጪ ነው።

ገንዘቡ በዚህ መልክ መሰጠቱ ጉባኤውንም ይለውጠዋል። ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የፖስተር ጊዜ ተማሪው የሚቆመው በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ነው እንጂ በአሥር ሺሕ ሕዝብ መካከል አይደለም፤ ጠዋት አብሮት ቁርስ የበላው ሰው ከሰዓት መጥቶ ፖስተሩን ያነብለታል። አንዲት ተማሪ የፖሊመሯን የጂፒሲ ኩርባ፣ ማለትም ሰንሰለቶቹን በመጠናቸው ለይቶ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ለጥፋ ቆማ ሳለ፣ ሥራዎቹን በዋቢነት የጠቀሰቻቸው አንድ አንጋፋ ተመራማሪ ጣታቸውን በኩርባው ግራ ጎን ባለችው ትንሽ ጉብታ ላይ አሳርፈው «ይህቺ ሰንሰለቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መያያዛቸውን አታሳይም?» ሲሉ ሰምቻለሁ። እርሷም የሞለኪውል ክብደቱ ከዋናው ጫፍ በእጥፍ ገደማ መሆኑን አስልታ አሳየቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ ፖሊመሩን የሚሠራው ኬሚካዊ ምላሽ ስለሚቆምበት ዘዴ ሆነ። የጎርደን ጉባኤዎች የሚቀርበው ነገር እንዳይቀረጽና ፎቶ እንዳይነሣ ስለሚከለክሉ ሰዎች ያልታተመ ውጤታቸውን ሳይሰስቱ ያሳያሉ። ለተማሪዎች ብቻ የሚሆነው ሴሚናርም ከዋናው ጉባኤ በፊት ባለው ቅዳሜና እሑድ ይደረጋል፤ ዓይን አፋር ለሆነ ተማሪ ከዚያ መጀመሩን አጥብቄ እመክራለሁ። መግባት የሚቻለው ግን ማመልከቻ ሲጸድቅ ስለሆነ አስቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል።

ከአትላንቲክ ማዶ የብሪታንያው ሮያል ሶሳይቲ ኦቭ ኬሚስትሪ ለአባላቱ እስከ 500 ፓውንድ የሚደርስ የጉዞና የሙያ ማሳደጊያ ድጋፍ ይሰጣል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ በአውሮፓ ውስጥ በባቡር ለሚጓዝ ይበቃል፣ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ግን ማሟያ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ማኅበር በአንድ ነገር ከአሜሪካኖቹ ቀድሞ አየዋለሁ፦ ልጅ ወይም የሚጦሩት ሰው ላላቸው ተመራማሪዎች ከጉባኤ ጋር ለሚመጣው ተጨማሪ የእንክብካቤ ወጪ በዓመት እስከ 1000 ፓውንድ የሚደርስ የተለየ ድጋፍ አለው። በዶክትሬት ጥናት መካከል የሚወልዱ እናቶች በሙያችን ብዙ ናቸው፤ የልጅ መጠበቂያ ሳይከፈል የአውሮፕላን ቲኬት መስጠት ለእነርሱ ግማሽ ድጋፍ ነው።

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ለሚያመለክት ተማሪ ሒሳቡ ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮችና ከእነርሱ በሚሠሩ የፀሐይ ኃይል ሴሎች ላይ ለብዙ ዓመታት ምርምር ሲደረግ ቆይቷል፤ የስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራምም የፊዚክስና የኬሚስትሪ የምርምር ቡድኖቹን ሲደግፍ ኖሯል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ከቃጫና ከሰው ሠራሽ ክር ጋር የሚሠሩ ተማሪዎች አሉ። ለእነዚህ ተማሪዎች በኋላ የሚመለስ ገንዘብ የሌለ ያህል ነው። የምዝገባ ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል የሚያስችል ካርድ በተማሪ እጅ አይገኝም፤ ብሩም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ከአገር ቤት የሚያመለክት ተማሪ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አዘጋጁ ምዝገባውን በነጻ ያደርግለት እንደሆነና ቲኬቱን በቀጥታ ይገዛለት እንደሆነ ነው። ዓለም አቀፉ የንጹሕና ተግባራዊ ኬሚስትሪ ኅብረት በሚያካሂደው የዓለም የፖሊመር ጉባኤ ዓይነት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝ አገር በዎሪክ ዩኒቨርሲቲ እንደተካሄደው ማለት ነው፣ ይህን ጥያቄ ለአዘጋጅ ኮሚቴው በቀጥታ መጻፍ ነውር የለውም።

ቪዛው ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ የሼንገን ቪዛ ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ 90 ዩሮ ያስከፍላል፤ ሁለቱም ቪዛው ቢከለከል አይመለሱም። አሜሪካ ውስጥ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በወጣው ለውጥ አዲስ የሚሰጣቸው ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ስለሆነ፣ አውሮፓ ለሚደረግ ጉባኤ የተሰጠ ድጋፍ ከአሜሪካ ወጥቶ አለመመለስን ሊያስከትል እንደሚችል ማሰብ አለባቸው። ወደ ካናዳ ወይም ወደ ሜክሲኮ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ለሚሄዱ ግን ጊዜው ባለፈ ቪዛ ለመመለስ የሚፈቅድ ደንብ አለ፤ የካናዳውን ቪዛ ማውጣቱ ግን አይቀርም። ጉዞውን ከመቀበል በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ማነጋገር ግዴታ ነው።

ማመልከቻውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብዙዎቹ ድጋፎች አጭር የጥናት መግለጫ፣ የአማካሪ ደብዳቤና የወጪ ግምት ይጠይቃሉ፤ በጉባኤው የሚቀርበው ሥራ አጭር ማጠቃለያ የሆነው አብስትራክት የሚገባበት ቀን ከጉባኤው ወራት ቀድሞ ስለሚያልፍ አብስትራክቱ ሳይገባ ድጋፍ መጠየቅ አይቻልም። በአማካሪው ደብዳቤ ውስጥ ቢካተት የምመኘው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም የትምህርት ክፍሉ ምዝገባውንና ቲኬቱን በራሱ ካርድ አስቀድሞ እንደሚከፍልና ድጋፉ ሲመጣ ለትምህርት ክፍሉ እንደሚተካ የሚገልጽ ነው። ይህን የሚያደርጉ የትምህርት ክፍሎች አሉ፤ ጥያቄው የሚቀርበው ግን ለአማካሪው ሳይሆን የክፍሉን ሒሳብ ለያዘችው የቢሮ ኃላፊ ነው፤ ጊዜውም ድጋፉ ከመፈቀዱ በፊት ነው።