ለሳል የአየርላንድ ባህላዊ መድኃኒት፦ ካራጊን ወይስ ሽንኩርት በወተት?

ካራጊን በአየርላንድ ጠረፍ ባሕሩ ሲሸሽ ከዓለት ላይ የሚለቀም ቀይ የባሕር አልጌ (ተክል መሰል የባሕር በቀል) ነው። ለሳልና ለተቆጣ ጉሮሮ ይጠጣል። ከ7 እስከ 10 ግራም የደረቀውን ለ15 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ አሸዋውን ማጠብና መዘፍዘፊያውን ውኃ መድፋት። ከዚያ በ600 ሚሊ ሊትር ውኃ ለዘብ ባለ እሳት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማንተክተክ፣ በወንፊት ማጥለል፣ ሎሚና ማር ጨምሮ ትኩሱን መጠጣት። ብዙዎች የሚሳሳቱት መጠኑ ላይ ነው፤ አልጌው ከበዛ መጠጡ ሲቀዘቅዝ ረግቶ ጄሊ ይሆናል። በውኃ ፋንታ በወተት ከተሠራ ደግሞ ቶሎ ስለሚያር ያለማቋረጥ መማሰል አለበት።

ሽንኩርቱ ቀላል ነው፤ ከየትኛውም ጓዳ ይገኛል። አንድ መካከለኛ ሽንኩርት ከትፎ በ400 ሚሊ ሊትር ወተት እስኪለሰልስ ማብሰል፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስነስ አድርጎ ከመኝታ በፊት መጠጣት። እሳቱ ከበረታ ወተቱ ይገነፍላል፤ ሊቋጠርም ይችላል።

ሁለቱም የጉንፋን ቫይረስን አይገድሉም። ለደረቅ ሳልና ለሚከረክር ጉሮሮ ግን ካራጊን ይሻላል፦ የሚያሙለጨልጨው ፈሳሽ ጉሮሮን ይሸፍናል፣ ማሩም ሳልን ያስታግሳል። ሽንኩርቱ ከሙቀትና ከምግብነቱ ያለፈ ብዙ አይሰጥም፤ ምግብ ላስጠላው በሽተኛ ግን ይህም ቀላል አይደለም።

አልጌው አዮዲን ስላለው የእንቅርት ሕመምተኛ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል በሐኪም ይታይ፤ ደም ከቀላቀለ ወይም ትንፋሽ ካሳጠረ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም።