አዲስ አበባ ላይ የተቆለፈብኝ ስልክ

ለእማዬ አሮጌ ሳምሰንጌን ይዤላት ሄድኩ። ፊቴን እያየች በኢሞ እንድታወራኝ ነበር ሐሳቤ። ገና ሻንጣ ሳልፈታ የእህቴ ልጅ "ላጽዳልሽ" ብሎ የማብሪያውንና የድምፁን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ሪሴት አደረገው፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጠፋው ማለት ነው። ስልኩ ሲነሳ የድሮውን የጎግል አካውንት ጠየቀ። ፓስወርዱን ባውቀውም ማረጋገጫው የሚላከው ወደ አሜሪካ ቁጥሬ ነው፤ ያ ሲም ደግሞ እዚህ አይሠራልኝም።

ስልኩ አልተበላሸም። ይሄ የድሮ አካውንት መጠየቁ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአንድሮይድ 5.1 ጋር የመጣ የሌባ መከላከያ ነው። በሴቲንግ ገብተን አካውንቱን አውጥተን ሪሴት ብናደርገው ኖሮ ባልጠየቀን።

መጀመሪያ መገናኛ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ገባሁ። ልጁ ስልኩን አየት አደረገና "ይከፈታል፣ 1,500 ብር" አለኝ። የማን እንደሆነ እንኳን አልጠየቀኝም። በጣም የከፋኝ እሱ ነው፤ ስልኬን የሰረቀ ሰው ይዞት ቢመጣም ይሄንኑ ዋጋ ነበር የሚነግረው። ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለች ጠባብ ሱቅ ነች። ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ "እህቴ፣ ስልኩ የራስሽ ነው? አካውንቱስ?" አለኝ። የኔ መሆኑን ነገርኩት። "ታዲያ ምን ያሰብረናል? ይሄ አካውንት የተከፈተበት ሌላ ስልክ ወይ ታብሌት ቤት የለሽም?" አለ።

አለኝ እንጂ! ሜሪላንድ ልጆቼ ካርቱን የሚያዩበት ታብሌት። ከቀኑ 10 ሰዓት ስለነበር እዚያ ገና ጠዋት ነው፣ በእህቴ ስልክ ባለቤቴ ጋ ደወልኩና የተቆለፈው ስልክ ላይ የወጣውን ቁጥር አነበብኩለት፤ እሱም ታብሌቱ ላይ "አዎ" ብሎ ያንኑ ቁጥር ነካ። ተከፈተ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ቴክኒሻኑ በዚህ አላበቃም። ፓስወርድ ከቀየርሽ ስልኩ አንድ ቀን ሊያስጠብቅሽ ይችላል፣ ለጊዜው አትንኪው አለኝ። ከአካውንቴ ውስጥ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች አወጣልኝና በወረቀት ጻፍኳቸው፤ ሲም ባይሠራም በነሱ መግባት ይቻላል። ወረቀቷን ፓስፖርቴ ውስጥ አድርጌያታለሁ። የጠየቀኝ 300 ብር ብቻ ነው፣ እኔ 500 ሰጠሁት፣ ይገባዋል።

ማታ እማዬ ከጓዳ ሆና ሳሎን ለተቀመጥኩት ለኔ በኢሞ ደወለችልኝ።