የሕፃናት ሃይድሮሴፋለስ ቀዶ ሕክምና አጭር ፌሎሺፕ፦ ከጅማ ሲመዘን

በምሥራቅ አፍሪካ በሚገኝ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል የሚሰጠውን የሃይድሮሴፋለስ ቀዶ ሕክምና አጭር ፌሎሺፕ ወስጄ ወደ ጅማ ከተመለስኩ ወዲህ፣ ለማመልከት ያሰቡ ባልደረቦች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ግምገማዬን በጽሑፍ ማስፈሩን መርጫለሁ። ሥልጠናው የኒውሮሰርጀሪ (የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና) ሬዚደንሲውን፣ ማለትም የስፔሻሊስትነት ሥልጠናውን፣ ላጠናቀቀ ሐኪም የተዘጋጀ ሲሆን፣ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፤ ትኩረቱም በሃይድሮሴፋለስ፣ ማለትም በጭንቅላት ውስጥ በሚጠራቀም ውኃ ላይ ብቻ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚሠራ ሐኪም ከማውቃቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ ጉድለቱ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በአሜሪካ የሕፃናት ኒውሮሰርጀሪ ፌሎሺፕ ከ7 ዓመት ሬዚደንሲ በኋላ የሚወሰድ የ1 ዓመት ሥልጠና ነው፤ የአንጎል ዕጢን፣ የሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምናን፣ ያለጊዜው የገጠመ የራስ ቅልን ሁሉ ይሸፍናል። ስፋቱ ያስቀናል። ይሁን እንጂ ከቦንጋ፣ ከሚዛን ወይም ከበደሌ ሪፈር ተጽፎላት ጅማ የምትደርስ እናት ታቅፋ የምትመጣው ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱ ከዕድሜው በላይ ያደገ ወይም ጀርባው ላይ እባጭ ይዞ የተወለደ ሕፃን ነው። ለዚህ ሕፃን የሚያስፈልገውን አንድ ቀዶ ሕክምና አጥርቶ ማወቅ፣ አሥሩን በጥቂት በጥቂቱ ከማየት ይበልጣል።

የሥልጠናው እምብርት ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኡጋንዳዋ ምባሌ ያዳበሩት፣ ሻንት (ውኃውን ከጭንቅላት ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ) ሳይቀበር ውኃውን የሚያስተነፍሰው ዘዴ ነው። የጨቅላው እርግብግቢት ገና ስላልገጠመ አጥንት መብሳት ሳያስፈልግ በጠርዙ በኩል ተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ (ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ) ይገባል፤ በአንጎል ውስጥ ካሉት የፈሳሽ ክፍሎች አንዱ የሆነው የሦስተኛው ቬንትሪክል ወለል ተበስቶ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ከተከፈተ በኋላ፣ ፈሳሹን የሚያመነጨው ኮሮይድ ፕሌክሰስ በቀኝም በግራም በኤሌክትሪክ ይተኮሳል። አሠልጣኙ ወለሉን እንድንበሳ የሚፈቅዱልን በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምልክት ሁሉ በስሙ ከጠራን በኋላ ብቻ ነበር፤ ከኋላ ሁለቱን ማሚላሪ አካላት፣ ከፊት ቀላ ያለውን የኢንፈንዲቡለም ጎድጓዳ። ከወለሉ ሥር ባዚላር የተባለው ደም ቅዳ ስለሚያልፍ ጥንቃቄው ከመጠን ያለፈ አይደለም። ከተበሳም በኋላ የቀዳዳው ጠርዝ ከልብ ምቱ ጋር ሲርገበገብ እስካላዩ ድረስ ኢንዶስኮፑን እንድናወጣ አይፈቅዱም ነበር። እንዲህ ያለ የማስተማር ትዕግሥት ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም።

ሥልጠናው የራሱን ዘዴ ከፍ ለማድረግ ሻንትን አለማጣጣሉም ሊመሰገን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የምባሌ ጥናት፣ ከኢንፌክሽን በኋላ ሃይድሮሴፋለስ የያዛቸውን 100 ጨቅላዎች ሻንት በተደረገላቸውና በዚህ ዘዴ በታከሙ በሁለት ከፍሎ ሲያነጻጽር፣ በ12 ወር በአእምሮ ዕድገታቸው ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ምርጫው በአብዛኛው «ሻንቱ ሌሊት ቢደፈን ቤተሰቡ በስንት ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይደርሳል?» ወደሚለው ይወርዳል። ከቴፒ ወዲያ ላለ ቀበሌ መልሱ ግልጽ ነው።

ስለ ስፓይና ቢፊዳ (የነርቭ ዘንግ በጀርባ በኩል ሳይዘጋ መወለድ) የተሰጠው ትምህርት ግን ለይስሙላ ያህል ነበር። የነርቭ ዘንግ የሚዘጋው ከጽንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ እርግዝናዋን ዘግይታ ላወቀች እናት የሚሰጥ ፎሊክ አሲድ ይህን ችግር ለመከላከል እንደማይደርስ የሚያስረዳ አንድ ስላይድ ታይቶ ታለፈ።

ዋናው ቅሬታዬ ሥልጠናው ሐኪሙን ብቻውን መጥራቱ ነው። ተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ እንደ መቀስና ፒንሳ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ የሚከተት ዕቃ አይደለም፤ ማጠቢያውም፣ ማምከኛውም፣ አቀማመጡም የራሱ ሥርዓት አለው። ይህን ሥርዓት በየቀኑ የምትፈጽመው ሐኪሙ ሳይሆን የቀዶ ሕክምና ክፍሏ ነርስ ናት፤ እሷ ግን አልተጋበዘችም። ሰርተፍኬቱ በጥሩ ወረቀት ታትሟል፣ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል፤ ኢንዶስኮፕ ግን አያጥብም።

ሁለተኛው ጉድለት ክትትሉ ነው። ቀዳዳው ከተደፈነ አብዛኛውን ጊዜ የሚደፈነው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሲሆን፣ ሠልጣኙ ግን ያከመው ሕፃን ከምን እንደ ደረሰ ሳያይ ወደ አገሩ ይመለሳል። ከጅማ ራቅ ብለው ለሚኖሩ ሕፃናት ክትትሉን መሸከም የሚችሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። የሚያስፈልጋቸውም ሜትሩን ከቅንድብ ከፍ አድርጎ ከኋላ በጎበጠው የራስ ክፍል ማዞር፣ ልኩን በካርዱ ላይ ማስፈር፣ እርግብግቢቱ ከተወጠረ ወይም ልኩ ከመሥመሩ ካሻቀበ መደወል ነው። ያረጀ የጨርቅ ሜትር ስለሚለጠጥ የጭንቅላቱን ዕድገት አሳንሶ እንደሚያሳይ እንኳ የነገረን አልነበረም።

ለማመልከት ያሰበ ሐኪም ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ሆስፒታሉ ተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ እንዳለው፣ ወይም ከሥልጠናው ጋር ይሰጠው እንደ ሆነ፣ አንዲት ነርስም አብራው ልትሄድ ትችል እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። መሣሪያው ገና በግዥ ሂደት ላይ ከሆነ ማመልከቻውን ለሚቀጥለው ዙር ማቆየት ይሻላል።