ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ባለ ቡችላ፦ ሳጥን ወይስ አጥር? ሰጋቱራ ወይስ ሣር?

ከአያት ወይም ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቶ ማታ 12 ሰዓት የሚመለስ ሠራተኛ ቤቱን ለ11 ሰዓታት ባዶ ይተዋል። የሁለት ወር ቡችላ ግን ሽንቱን መያዝ የሚችለው ቢበዛ ለሦስት ሰዓት ያህል ነው። የተለመደው ስሌት የዕድሜውን ወራት ቆጥሮ አንድ መጨመር ነው፤ የሦስት ወሩ አራት ሰዓት፣ የአራት ወሩ አምስት ሰዓት ይቆያል። እንደ ማልቲዝ፣ ቺዋዋና ፖሜራኒያን ያሉ ትንንሽ ዝርያዎች ፊኛቸው ትንሽ ስለሆነ ከዚህም ሊያንሱ ይችላሉ። ይህን የሰዓት ልዩነት በሥልጠና ብቻ መሙላት አይቻልም። ወይ ዕቃ ተገዝቶ ወይ ሰው ተከፍሎት ነው የሚሞላው።

ለውጭ አገር ኑሮ የተጻፉ መመሪያዎች ቡችላውን በየሁለት ሰዓቱ ወደ ደጅ ማውጣትን ይመክራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ምክር የሚያወጣው ሰው ባለመኖሩ ብቻ ሳይሆን በደጁም ምክንያት አይሠራም። ፓርቮ የተባለው ገዳይ የቡችሎች በሽታ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያል፤ በየሰፈሩም ያልተከተቡ ውሾች ይዞራሉ። የቡችላ ክትባት ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየጥቂት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይዘልቃል። እስከዚያ የቡችላው መጸዳጃ፣ ወደድንም ጠላንም፣ ቤት ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ነው።

ሳጥን ወይስ አጥር?

ከሽቦ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራው የሚዘጋ ሳጥን የሚሠራው ውሻ በሚተኛበት ቦታ መጸዳዳት ስለማይወድ ነው። ልኩም ቡችላው ቆሞ የሚዞርበትና ተዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ብቻ መሆን አለበት። ከዚያ ከሰፋ አንዱ ጥግ መኝታ፣ ሌላው ጥግ መጸዳጃ ይሆናል። ለሌሊት ከሳጥን የሚሻል የለም፤ ከአልጋዎ አጠገብ ካስቀመጡት ቡችላው ሲጨንቀው አልቅሶ ይቀሰቅስዎታል።

ለቀኑ ግን ሳጥን አልመክርም። 11 ሰዓት የተዘጋበት ቡችላ ምርጫ ስለሌለው በራሱ ላይ ይጸዳዳል። ይህ ሲደጋገም ከቆሻሻ መራቅን ይረሳል፤ ይህን ተፈጥሮውን አንዴ ካጣ በኋላ መመለሱ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ቡችላ ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ያሳደገበትን ቦታ ሄደው ይዩ። በጠባብ ጎጆ ውስጥ በራሱ ሽንት ላይ ሲተኛ ያደገ ቡችላ ምንም ያህል ቢያምር ለሥራ ሰው አይሆንም። ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።

አጥር በአንድ በኩል መኝታና ውኃ፣ በሌላው በኩል መጸዳጃ የሚቀመጥበት ክልል ነው። ለትንሽ ዝርያ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ስፋት፣ ቁመቱም 60 ሳንቲ ሜትር ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል። ከውጭ የሚገቡት ተጣጣፊ አጥሮች ቀላልና ንጹሕ ናቸው። የሰፈር በያጅ የሚሠራው ደግሞ ይከብዳል፣ ነገር ግን ቡችላው ገፍቶ አያንቀሳቅሰውም። ለበያጁ ሁለት ነገር ይንገሩት፦ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት የቡችላው ጭንቅላት የማያልፍበት ይሁን፤ የሽቦ ጫፍም አይቅር። ከስር የወለል ፕላስቲክ ቢነጠፍ የሴራሚኩን መገጣጠሚያ ከሽታ ያድናል።

አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው አጥሩን ይግዛ። ሁለቱንም የሚችል ሳጥኑን በሩን ከፍቶ አጥሩ ውስጥ ያስቀምጠው፤ ቀን መኝታ፣ ሌሊት ደግሞ ዝግ ክፍል ይሆንለታል።

ምን ይነጠፍ?

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋና ሽታ ብቻ ያወዳድራል። ቡችላ ግን ከሁለት ወር ዕድሜው ጀምሮ የሚለምደው ቦታውን ብቻ አይደለም፤ በእግሩ መዳፍ ስር የሚሰማውን ነገር ጭምር ነው። ለስላሳ ጨርቅ የለመደ ቡችላ በኋላም ለስላሳ ጨርቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቤትዎን ዞር ብለው ይዩና ይህን የሚመስል ነገር ወለሌ ላይ ሌላ ቦታ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ።

ሽንት የሚመጠው ንጣፍ፣ ማለትም ከዳይፐር ጋር በአንድ ዓይነት ነገር የሚሠራው፣ ለአያያዝ ከሁሉም ይቀላል፤ ተጠቅልሎ ይጣላል። ይሁን እንጂ አንድ ቡችላ በቀን ሦስት ወይም አራት ቢጨርስ በወር ወደ 100 ይደርሳል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንደመሆኑ ወጪው ቀላል አይደለም። ጥርስ የሚያበቅል ቡችላ ይቦጫጭቀዋል፤ ውስጡ ያለውን መጣጭ ነገር ቢውጠው አንጀቱን ሊጎዳው ይችላል። የባሰው ደግሞ ምንጣፍ፣ የመታጠቢያ ቤት በር ላይ የሚነጠፈው ጨርቅ፣ ከሶፋ የወደቀ ነጠላ ሁሉ ለእሱ አንድ ነው። ምንጣፍ የበዛበት ቤት ይህን ባይገዛ ይሻላል። እየታጠበ የሚመለሰው ዓይነት በወራት ውስጥ ዋጋውን ይመልሳል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን በሽንት የራሰ ጨርቅ ተከምሮ የውኃ ቀን ይጠብቃል።

ጋዜጣ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ብዙ አይመጥም፤ ቀለሙም ነጭ ፀጉር ያቆሽሻል። አሮጌ ጋዜጣ ራሱ እንደ ድሮው በየቤቱ አይገኝም።

ለእኔ ግምት ያልተሰጠው ሰጋቱራ ነው። የቤት ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል፣ ሽታ ይውጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳሎን ውስጥ እሱን የሚመስል ሌላ ነገር የለም። ጠርዙ ዝቅ ባለ ሰፊ ትሪ ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ይደረጋል። አናጺውን ከንጹሕ እንጨት የወጣ መሆኑን ይጠይቁት፤ የቺፑድና የኤምዲኤፍ ብናኝ ሙጫ ስላለበት አይሆንም። እንደ ዱቄት የላመውም ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ሻካራውን ይምረጡ። ጉዳቱ መበተኑና ረጅም ፀጉር ላይ መለጠፉ ነው፤ ማልቲዝ ያለው ሰው ማታ ማበጠሪያ ይዞ መቀመጡን ይወቀው።

ሣር በትሪ ላይ ከነአፈሩ ሲቀመጥ ትልቁ ጥቅሙ የነገው ደጅ መሆኑ ነው። ክትባቱን ጨርሶ የሚወጣው ቡችላ አዲስ ነገር መማር አያስፈልገውም። በረንዳ ለሌለው ቤት ግን አይመችም። ሽንት ስለሚያቃጥለው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መቀየር አለበት፤ በክረምት ደግሞ ጭቃ ይሆናል። ከመንገድ ዳር የተነቀለ ሣር ፓርቮና የአንጀት ትል ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ከችግኝ ጣቢያ ይግዙ። አንድ ችግር ደግሞ የእኛው ቤት ብቻ ነው፦ በዓል ደርሶ ቡና ሊፈላ ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ሣር የለመደ ቡችላ ለእሱ የተዘጋጀ ይመስለዋል። ያን ዕለት አጥሩ ውስጥ ይዋል።

ሰው መክፈል

የትኛውም ዕቃ የማያደርገው አንድ ነገር አለ፤ መመገብ። የትንንሽ ዝርያ ቡችሎች እስከ ሦስት ወር ገደማ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ መብላት አለባቸው። ረጅም ሰዓት ከጾሙ የደማቸው ስኳር ወርዶ ሊዝለፈለፉ፣ ሊሞቱም ይችላሉ። ስለዚህ በዚያ ዕድሜ እኩለ ቀን ላይ ብቅ የሚል ሰው ግዴታ ነው። ከተቻለ 5 ሰዓትና 8 ሰዓት ተኩል ላይ የሚመጣ የጎረቤት ተማሪ ወይም የሰፈር ልጅ ይፈለግ። ቡችላው አራትና አምስት ወር ሲሞላው አንድ ጊዜ መምጣቱ ይበቃል። ሲቀጥሩ በግልጽ ይጠይቁ፦ ለሙስሊም ጎረቤት የውሻ ምራቅ ከጸሎት በፊት መታጠብን ያስከትላል፤ ብዙ ኦርቶዶክሳውያንም ጸሎት በሚደረግበት ቤት ውሻ አይወዱም። ይሉኝታ ይዞት እሺ ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በሦስት ወሩ አይዘግይ፤ ለዚያ ሰው ሲባል ጭምር ነው።

ለማጽጃ በረኪና አይጠቀሙ። ሽንት ላይ ሲፈስ ጎጂ ጋዝ ያወጣል፤ ለሰው ሽታው የጠፋ ቢመስልም ውሻው ያገኘዋል። ሽንትን የሚሰባብር ኢንዛይም ያለው ፈሳሽ ከተገኘ እሱ ይቅደም፤ ካልተገኘ በውኃ የቀጠነ አቼቶ ይሻላል። ማታ ገብተው ሳሎን ውስጥ ኩሬ ቢያገኙ ቁጣው ዋጋ የለውም፤ ከሰዓታት በፊት የሠራውን ከጩኸትዎ ጋር አያገናኘውም።

ሰው ማግኘት ለማይችልና ቤቱ 11 ሰዓት ባዶ ለሚውል ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዕቃ የሚሻል ግዢ አለ፤ የሁለት ወር ቡችላ ትቶ ስድስት ወር የሞላውን መግዛት። እሱም ቢሆን ትሪና አጥር ይፈልጋል፤ ግን ስድስትና ሰባት ሰዓት ይይዛል፣ በቀን ሁለት ጊዜ በልቶ ያድራል፣ የቡችላነት ክትባቱንም ጨርሷል። የክትባት ደብተሩን ከእነማኅተሙ ሳያዩ ግን ገንዘብ አይክፈሉ።